የማቅለሚያ ቤት ተራ

እርጥብ የእሳት ማጥፊያ ጎማ ከባድ ነገር ነው። ደርቆ ሲጠቀለል በብብት ይያዛል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን እንደ ዘንዶ ይጎተታል። ዮሺሃሩ ይህን ዘንዶ በገመድ አስሮ ወደ ማድረቂያው ማማ ጫፍ ሲስብ በየመሀሉ ገመዱን ምሰሶው ላይ ጠምጥሞ ያርፋል፤ ጉልበቱን ያሻል፤ እንደገና ይስባል። በደጉ ዘመን ጎማ መስቀል የአዲስ ገቢዎች ሥራ ነበር። አለቃ የተባለ ሰው እጁን ኪሱ ከቶ ከታች ይቆምና «ወደ ግራ ሳቡት፤ አይ፣ ወደ ቀኝ» ይላል እንጂ ገመድ አይነካም። ዛሬ በናቤኩራ የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ቡድን ውስጥ አለቃውም ዮሺሃሩ፣ አዲስ ገቢውም ዮሺሃሩ ነው።

በዚያ የኅዳር ቅዳሜ ለልምምድ የመጡት አራት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ወገቡን ስለሚያመው ፓምፑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሰዓት ያዘ። ሌላው ውሃው ሲለቀቅ ጎማው እንዳይጥለው የስልክ እንጨት ተደግፎ ቆመ። ልምምዱ ሲያልቅ ሁሉም እንደ ልማዳቸው «ደከማችሁ፣ ደከማችሁ» ተባብለው ወደየቤታቸው አዘገሙ። ጎማው ቀረ፤ ዮሺሃሩም ቀረ።

ወደ ቡድኑ የገባው ከትምህርት ቤት በወጣ በዓመቱ ነው። በዚያን ጊዜ መግባት አለመግባት የሚባል ጥያቄ አልነበረም። አባቱ የጎማውን አፍ የሚይዙት ሰው ነበሩ፤ አንድ ቀን ጠዋት ጥቁር ሰማያዊው የቡድን ኮት በሩ ላይ ተሰቅሎ አገኘው፤ በቃ። የጎማ ቤቱ ያን ጊዜ በሰው ይሞላ ነበር። ከልምምድ በኋላ ሴቶቹ የሩዝ ድብልብልና ትኩስ የሚሶ ሾርባ ይዘው ይመጣሉ፤ ሳኬ የሚባለው የሩዝ መጠጥ ይቀዳል፤ በጥድ ደኑ ሥር እስኪጨልም ይሳቃል። በየዓመቱ ከቁልቁለቱ መንደር ከካዋዴ ጋር የፓምፕ ውድድር ነበር። አንድ ዓመት ናቤኩራ የተሸነፈችው የዮሺሃሩ ቆብ ማሠሪያው ተፈትቶ ቦዩ ውስጥ ስለገባ ነው፤ ዛሬ የካዋዴ ቡድን አለቃ የሆነው ካትሱሮ አሁንም ባገኘው ቁጥር «ቆብህ ባሕር ደረሰ ወይ?» ይለዋል።

ያ ሁሉ ሰው የት እንደገባ ዮሺሃሩ በደንብ ያውቃል። ግማሹ መቃብር፣ ግማሹ ኦሳካና ናጎያ ነው።

የጎማው ጫፍ ማማው ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከኋላው የመኪና በር ሲዘጋ ሰማ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣችው ማኪኖ ነበረች። የመንደሮችን የእሳት አደጋ ቡድኖች ጉዳይ የምትከታተል፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ የነካው ደግ ልጅ ናት።

«አለቃ፣ ይህን ሁሉ ብቻዎን ነው የሚሰቅሉት?»

«ልጆቹ አሁን ገና ሄዱ» አለ ዮሺሃሩ። «ልጆቹ» ከሚላቸው መካከል ታናሹ የልጅ ልጅ አለው።

ማኪኖ ኮቷን አውልቃ የገመዱን ጭራ ያዘችለት። ጎማው ከተሰቀለ በኋላ ሁለቱም ደፉ ላይ ተቀመጡ።

«ከተማው የዐሥር ዓመት ዕቅድ እያወጣ ነው» አለችው። «አዲስ መኪና የት ይቁም፣ የውሃ ማጠራቀሚያ የት ይቆፈር፣ የትኛው ቡድን ከየትኛው ይዋሀድ፤ ሁሉም በረዶ ሳይከብድ መወሰን አለበት። የሚመጣው እሑድ እመጣለሁ፤ ሰዉን ይሰብስቡልኝ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ናቤኩራ ከዐሥር ዓመት በኋላ በራሷ ቆማ እሳት መከላከል ትችላለች ወይ?»

«ካልቻለች ምን ይሆናል?»

«ከካዋዴ ጋር ትዋሀዳለች። ይህ የጎማ ቤት ይዘጋል። የነሱ መኪና እስኪደርስ ደግሞ እዚህ ማጠራቀሚያ ይቆፈርና፣ ሽማግሌም ሴትም ብቻውን የሚከፍተው ቀላል ጎማ በየቦታው ይቀመጣል።»

«ከቻለችስ?»

«ከቻለች እንዳለች ትቀጥላለች። እርስዎም እንዳሉ» አለችና ሳቀች። «መቼም በወረቀት ላይ ለናንተ የሚሰጋ የለም፤ የምሽት ጥበቃው አንድ ቀን እንኳ ያልተቋረጠበት መንደር የናንተ ብቻ ነው። ባለፈው ስብሰባ ከንቲባው ራሳቸው ምሳሌ አድርገው ጠቀሷችሁ።»

ዮሺሃሩ አፉን ከፈተ። ሊናገር የፈለገው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። «አልቻልንም» የምትል አጭር ቃል ናት።

«ሻይ ልቀዳልሽ» አለ።

የምሽት ጥበቃው ነገር እንዲህ ነው። ናቤኩራ ውስጥ «የእሳት ተረኛ» ተብሎ የተጻፈባት፣ ጠርዟ በእጅ ብዛት የተላገች የእንጨት ሰሌዳ አለች። ሰሌዳዋ ደጁ ላይ የተሰቀለችበት ቤት ጀምበር ስትጠልቅ ሁለት እንጨቶች እያጋጨ፣ «እሳት ተጠንቀቁ» እያለ መንደሩን ይዞራል። ከዚያ ከቤቶቹ በላይ ወዳለው የቦይ መክፈቻ ይወጣና ወንፊቱ ላይ የተጠራቀመውን ቅጠልና በረዶ በመንሽ ያነሣል። ፓምፑ የሚጠጣው ከቦዩ ነውና ውሃው በበረዶ ወራትም መቆም የለበትም። ሲመለስ ሰሌዳዋን ወስዶ የሚቀጥለው ቤት ደጅ ላይ ይሰቅላታል።

ሰዉ ወደ ከተማ መውጣት ሲጀምር የዚያን ጊዜው አለቃ፣ የላይኛው ቤት ጌንዞ፣ አንድ ደንብ አወጡ። የትኛውም ቤት አይዘለልም። «የተዘለለ ቤት የሞተ ቤት ነው። እነዚህ ሰዎች አልሞቱም፤ ራቅ አሉ እንጂ» አሉ። የሚሄደውን ቤተሰብ ሁሉ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኝተው «እስክትመለሱ ተራችሁን እንይዝላችኋለን» እያሉ ቃል ሰጡ። ያን ጊዜ ነገሩ ቀላል ነበር። መጀመሪያ የገመድ ቤት ሰዎች ሄዱ፤ ተራቸውን ጎረቤታቸው ያዘ። ቀጥሎ ጎረቤትየው ራሱ ሄደ፤ የሁለቱን ተራ ሌላ ጎረቤት ያዘ። በናቤኩራ ቤቶች የሚጠሩት አያቶች ይሠሩት በነበረው ሥራ ነውና የገመድ ቤት፣ የወፍጮ ቤት፣ የማቅለሚያ ቤት እያለ የሩቅ ሰዎች ተራ ሁሉ እየተንከባለለ መጥቶ መጨረሻው ዮሺሃሩ ትከሻ ላይ ዐረፈ። አለቃ ነዋ። ዛሬ ከመንደሩ ቤቶች የሚበልጡት መብራት የላቸውም።

የማዘጋጃ ቤት ሰዎች በየዓመቱ «ጥበቃው እንዴት ነው?» ብለው ሲጠይቁ የናቤኩራ ሰው «ሁሉም ቤት ተራውን ይዟል» ብሎ ይመልሳል። ውሸት አልነበረም፤ ሰሌዳዋ አንድም ደጅ አልዘለለችም። ካዋዴዎች ግን «አለቅን፣ ወገባችን ተቆረጠ» እያሉ ሲያለቅሱ አዲስ መኪናም ማጠራቀሚያም ተሰጣቸው። ለናቤኩራ የምስጋና ወረቀት መጣላት። ካትሱሮ ይህንን ሲሰማ «እናንተ ሰዎች እኮ ስታስሉ እንኳ አስቀድማችሁ ይቅርታ ትጠይቃላችሁ» ብሎ ሳቀ።

ቅዳሜ ማታ ዮሺሃሩ ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ መግቢያው ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ኪኑኤ ከወጥ ቤት አንገቷን አወጣች።

«ለማን ነው ዛሬ?»

ሁልጊዜ እንዲህ ብላ ትጠይቀዋለች።

«ለገመድ ቤት።»

«የገመድ ቤት ሰዎች ከሄዱ ወዲህ እኮ ገመድ የሚፈትል ሰው ራሱ ከምድር ጠፍቷል። ሾርባው ይቀዘቅዛል፤ ቶሎ ና።»

«ጉልበቴ እንደፈቀደ።»

«ጉልበትህን እዚህ ተወውና አንተ ሂድ» አለችና ሻርፑን ወረወረችለት።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ዮሺሃሩ ኪኑኤ በጨው ያስቀመጠችውን ፍጅል ይዞ ወደ ላይኛው ቤት ወጣ። ጌንዞ ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል። ብርድ ልብስ ከተጣለበት ማሞቂያ ጠረጴዛ ሥር እግራቸውን ከተው ተቀምጠው ነበር።

«ፍጅል?» አሉ ዕቃውን ከፍተው አሽትተው። «ይሄ ጥርስ ላለው ሰው ነው። ቢሆንም አስቀምጠው፤ እመጠዋለሁ።»

ዮሺሃሩ ስለ ዐሥር ዓመቱ ዕቅድ ነገራቸው።

«ዐሥር ዓመት? እኔ ለነገ የምለብሰውን ሱሪ የት እንዳኖርኩ አላውቅም።»

«ከካዋዴ ጋር ብንዋሀድ ማጠራቀሚያ ይቆፍሩልናል ይላሉ፣ ጋሼ።»

ጌንዞ ፍጅሉን ወደ ጎን ገፉት። «ከካዋዴ ጋር። እሺ። እንግዲያው የማንን ቤት ሰርዘህ ነው አልቻልንም የምትለው? የገመድ ቤትን? ሚስትየው እዚያ አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ሁለት እጄን ይዛ አልቅሳለች። የማቅለሚያ ቤትን? ሱሱሙ ጓደኛህ አይደለም እንዴ?»

«እኔ የማንንም ቤት አልሰርዝም።»

«አየህ። የሰው ቤት ባዶ ነው አይባልም፤ ነውር ነው። ጥበቃው ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው።»

«ለራቁት ሰዎች ማን ይዞርላቸዋል?»

«እየተጋገዝን ነው።»

«እንግዲያው ሁሉም ቤት ተራውን ይዟል ብለህ ጻፍና ለማዘጋጃ ቤቷ ልጅ ስጣት» አሉ ጌንዞ፤ ከፍጅሉም አንዱን ቁራጭ አንሥተው መምጠጥ ጀመሩ።

ዮሺሃሩ ቁልቁል ሲወርድ «እየተጋገዝን» ያላት ቃል አብራው ወረደች። የሚጋገዙት እነማን እንደሆኑ አሰበ። እሱ ጉንፋን ሲይዘው ኪኑኤ ትዞራለች። ሌላ ማን አለ? የጉድጓድ ቤቱ ሂሳኖቡ የራሱን ተራ እንኳ በምርኩዝ ነው የሚወጣው። እሑድ «እንችላለን» ካለ በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም፣ የቡድኑን ኮት ማውለቅ አይችልም። እሱስ ይሁን። ግን አንድ ቀን በቀትር፣ ጥቂት አሮጊቶች ብቻ በመንደሩ ባሉበት ሰዓት እሳት ቢነሣ ያንን አሮጌ ፓምፕ ማን ያስነሣዋል? ይህን ሲያስብ ደረቱ ላይ እርጥብ ጎማ የተጫነበት ይመስለዋል።

ሐሙስ ዕለት ከሚሠራበት የሩዝ መፈልፈያ ሲመለስ ኪኑኤ ለዓይኗ ሕክምና ከተማ ወርዳ ነበር። ዮሺሃሩ ኮቱን እንደለበሰ ማሞቂያው አጠገብ ጋደም አለ። ትንሽ ዐርፎ የወፍጮ ቤትን ተራ ሊዞር ነበር። ሲነቃ ብርድ ልብስ ተደርቦለታል፤ መስኮቱም በንጋት ነጥቷል። ኪኑኤ ስትመለስ ተራውን ዞሮ የተኛ መስሏት አልቀሰቀሰችውም።

ጫማውን በግልባጩ አድርጎ ሮጠ። ሰሌዳዋ ወፍጮ ቤት ደጅ ላይ የለችም። የሚቀጥለው ቤት፣ የሂሳኖቡ ደጅ ላይ ተሰቅላለች። ሂሳኖቡ ጥርሱን እየቦረሸ ወጣ።

«አንተ ነህ የዞርከው?» አለው ዮሺሃሩ።

«እኔ? እኔ የራሴን ተራ የምዞረው ሚስቴ ስትገፋኝ ነው። እንጨቱን ግን ሰምቻለሁ። ደግሞ ምን ሆነህ ነው እንደ ቀብር ቀስ እያልክ ስትመታው የነበረው?»

ውርጭ በሸፈነው የቦዩ ዳር መንገድ ላይ የሁለት እግርና የአንድ ምርኩዝ ዱካ ነበር። ዮሺሃሩ ዱካውን ተከትሎ ላይኛው ቤት ደረሰ።

ጌንዞ እግራቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። ሱሪያቸው ከላምባ ማሞቂያው በላይ ተንጠልጥሎ ይንጠባጠባል።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ጀምበር ገባች፤ እንጨቱ ዝም። ጆሮዬ ነው ብዬ ነበር። ቆየሁ፤ ዝም። ወጣሁ።»

«ወንፊቱ ድረስ?»

«ወንፊቱን ትቼ የምመጣ ይመስልሃል? ቅጠል ሞልቶት ነበር። በመንሹ ሳነሣ አንድ እግሬ ገባ። ውሃ ደግሞ የቀድሞ አለቃ ነው ብሎ አይራራም።»

ዮሺሃሩ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። ሽማግሌው እጃቸውን አወዛወዙ።

«ተነሥ፣ ተነሥ። ይልቅ ስማኝ። ስዞር ብርሃን ፈልጌ ወደ ቤቶቹ አየሁ። መብራት ያለበትን መቁጠር ጀመርኩና ተውኩት። ይህ መቼ ሆነ? ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቁኝም፣ ጋሼ።»

«ጠይቄሃለሁ። እየተጋገዝን ነው አልከኝ።»

«እየተጋገዝን ነበር» አለ ዮሺሃሩ። «እኔና ኪኑኤ።»

ሽማግሌው እግራቸውን ከውሃው አወጡ። ውሃው መቀዝቀዝ ጀምሮ ነበር።

«ቢሆንም» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «የሰው ቤት አልሰርዝም። ቃል ሰጥቻለሁ።»

ዮሺሃሩ ይህንኑ ለኪኑኤ ነገራት። እሷ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ፍጅል ትልጥ ነበር።

«የሰው ቤት መሰረዝ ነውር ከሆነ የራስህን ሰርዝ» አለችው ቀና ሳትል። «የኛ ቤት የሰው አይደለም።»

«የኛ ቤት ምን ሆነ?»

«የተጠየቅከው ከዐሥር ዓመት በኋላ ስላለው ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ አንተ ከዚያ ወንፊት በረዶ ታነሣለህ?»

«ሚሆ ልትመጣ ትችላለች።»

ሚሆ ልጃቸው ናት፤ ናጎያ ትኖራለች።

«ትመጣለች» አለች ኪኑኤ። «ለበዓል። ከነሻንጣዋ። ልጆቿ ደርሰው ‹አያቴ፣ እዚህ ኔትወርክ የለም› ይላሉ፤ ከዚያ ይሄዳሉ። ባለፈው በጋ በግልጽ ነግራናለች። አንተ ሰውዬ እዚያው ተቀምጠህ ነበር፤ ግን ሐብሐብ ትቆርጥ ነበር።»

ሰምቷል። ሐብሐቡን የቆረጠው ሰምቶ ነው። ዮሺሃሩ የመጋዝ ቤት ልጅ ነው፤ ቤቱን አያቱ በራሳቸው መጋዝ ከሰነጠቁት ጥድ ነው የሠሩት። የሌሎቹን ቤቶች ተራ ሲዞር በኖረበት ዘመን ሁሉ፣ አንድ ቀን ለመጋዝ ቤት ተራ የሚዞር ሰው ይጠፋል ብሎ ለራሱ እንኳ ተናግሮ አያውቅም። ከፍጅሉ ላይ ቢላዋዋን አንሥቶ ምንም ሳይቆርጥ መልሶ አስቀመጣት። ኪኑኤ ቢላዋዋን መልሳ ወሰደች።

እሑድ ዕለት የጎማ ቤቱ ውስጥ የላምባው ማሞቂያ ተለኩሶ ሰው በዙሪያው ተቀመጠ። ማኪኖ መጣች። ጌንዞ በሂሳኖቡ ተደግፈው መጡ። ካትሱሮ ሳይጠራ ከካዋዴ አንድ ሣጥን መንደሪን ይዞ መጣና «ለማስታረቅ ሳይሆን ለመብላት ነው» ብሎ ጥግ ያዘ።

ዮሺሃሩ ግድግዳው ላይ ባለው ነጭ የመጻፊያ ሰሌዳ ፊት ቆመ። በመሀል ቦዩን፣ በግራና በቀኝ ቤቶቹን አንድ በአንድ ሣለ፤ ባዶዎቹንም ጭምር። ሥዕሉን ሲጨርስ ፊቱን አላዞረም።

«የተጠየቅነው ከዐሥር ዓመት በኋላ ስላለው ነው» አለ። «ስለ ሰው ቤት አልናገርም። ስለ ራሴ ልናገር። እኔና ኪኑኤ ያን ጊዜ ብንኖርም በምርኩዝ ነን። ልጃችን አትመለስም። የመጋዝ ቤት ከዐሥር ዓመት በኋላ ተራውን መያዝ አይችልም።»

በቤቱም ላይ መስመር አሰመረ። እጁ መሀል ላይ ትንሽ ቆሞ ነበርና መስመሩ ቀጥ አላለም።

ከዚያ ሂሳኖቡ እያቃሰተ ተነሣ።

«ስጠኝ እስቲ ያን ብዕር። የኔ ልጅ ሃያኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው፤ መሬት መርገጥ ራሱ ረስቷል።» የጉድጓድ ቤትን ሰረዘ።

ቀጥሎ ወገቡን የሚያመው ሰው ተነሣ፤ «የኔን አንተው አስምርልኝ፣ እጄ አይደርስም» አለ። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት መጡና ቤታቸውን ለመሰረዝ ብዕሩን አገላብጠው ከያዙ በኋላ የሞቱትን ባላቸውን ይቅርታ ጠይቀው አሰመሩ። አንድ በአንድ ሁሉም መጡ። ጌንዞም ተደግፈው መጥተው የላይኛውን ቤት ሰረዙ።

ሁሉም ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ማኪኖ ሰሌዳውን አየች፤ እንደገናም አየች። መብራት ያላቸው ቤቶች ሁሉ ተሰርዘዋል። ማንም የሰው ቤት ስላልነካ ንጹሕ ሆነው የቆሙት ባዶዎቹ ብቻ ናቸው።

«እንግዲህ» አለች ቀስ ብላ፣ «በዚህ ሥዕል መሠረት ከዐሥር ዓመት በኋላ ናቤኩራን ከእሳት የሚጠብቋት ኦሳካ ያሉት ሰዎች ናቸው።»

መጀመሪያ የሳቁት ጌንዞ ነበሩ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው። ሂሳኖቡ ጀርባቸውን መታ መታ አደረገ፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ካትሱሮ መንደሪን ጉሮሮው ውስጥ ቀርቶበት ዓይኑ ቀላ።

ሳቁ ሲበርድ ጌንዞ ተነሥተው እንደገና ወደ ሰሌዳው ሄዱ። «ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። «የሚመልሰውም እኔ ነኝ።» የገመድ ቤትን በስሙ ጠሩ፤ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፤ መስመሩን አሰመሩ። የወፍጮ ቤትን ጠሩ፤ እጅ ነሡ፤ አሰመሩ። አንዳንዱን ቤት ሲጠሩ ከኋላ አሮጊቶቹ የልጆቹን ስም በሹክሹክታ ያስታውሱ ነበር። የማቅለሚያ ቤት ላይ ሲደርሱ ብዕሩን ለዮሺሃሩ ሰጡት።

«ይሄኛው ቃል ያንተ ነው።»

እውነት ነው። ሱሱሙ ሲሄድ ከአውቶቡሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ተራዬን ያዝልኝ» ያለው ለጌንዞ አልነበረም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ግድግዳ ለግድግዳ ያደጉ ናቸው። ሱሱሙ ዛሬም በየአዲስ ዓመቱ የውሻውን ፎቶግራፍ በፖስታ ካርድ ይልካል፤ ስለ መመለስ አንድም ቀን ጽፎ አያውቅም። ዮሺሃሩ እጅ ነሣ። መስመሩን በዚህ ጊዜ ቀጥ አድርጎ አሰመረው።

«አልቻልንም» አለ ከዚያ ለማኪኖ። ቃሉ ሲወጣ እንደፈራው አልነበረም። ደክሞት ስለነበር ይሆናል።

ማኪኖ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም፤ አንገቷን ደፍታ ስትጽፍ «ይህን ስንት ዓመት ስጠብቅ ነበር» አለች በለሆሳስ። ማጠራቀሚያው የት እንደሚቆፈር፣ ቀላሎቹ ጎማዎች የማን ደጅ እንደሚቀመጡ፣ በበረዶ ጊዜ ከካዋዴ የሚመጣውን መንገድ ማን እንደሚጠርግ ተነጋገሩ። አሮጊቶቹ ከሁሉም ይልቅ ስለ ጎማዎቹ ብዙ ጠየቁ። ማጠራቀሚያው ተቆፍሮ እስኪያልቅ ሰሌዳዋ መዞሯን ትቀጥል፤ ግን ሰው ባለበት ደጅ ብቻ ትሰቀል ተባለ። ስብሰባው ሲያልቅ ካትሱሮ ዮሺሃሩን በክንዱ ይዞ ወደ ጎን አወጣው።

«ምክትሌ ትሆናለህ። ማጠራቀሚያው እስኪያልቅ፣ አንድ ዓመት ብቻ።»

ዮሺሃሩ ረዘም አድርጎ ተነፈሰ። ኮቱን ለአዲስ ዓመት አውልቆ ሊያስረክብ አስቦ ነበር። ግን የቦዩን ጠባይ የሚያውቅ ሌላ ሰው አለመኖሩን እሱም ያውቃል፤ ካትሱሮም ያውቃል።

«አንድ ዓመት። ጎማ ግን አልሰቅልም።»

«ጎማ? እኛ ጋ እኮ የሚያደርቀው ማሽን ነው።»

«ማሽን?»

«ከምስጋና ወረቀታችሁ በስተቀር ሁሉ ነገር አለን» አለ ካትሱሮ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቆብህንም አጥብቄ አስርልሃለሁ» አለው።

ዮሺሃሩ ቤቱ አጠገብ ሲደርስ ጀምበሯ ከጥዶቹ ጀርባ ልትገባ ነበር። ሰሌዳዋ ማቅለሚያ ቤት ደጅ ላይ ተሰቅላለች፤ ትናንት ተረኛ የነበረው ጎረቤት እንደ ልማዱ ሰቅሏት ነው። የቀለም ገንዳዎቹ ግቢው ውስጥ ተገልብጠው ሣር በቅሎባቸዋል። ዮሺሃሩ ሰሌዳዋን አወረዳት፤ ለተዘጋው በር እጅ ነሣ። በልቡ ምን እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ጥቂት ተራምዶ የራሱ ደጅ ላይ ሰቀላት። የባዶዎቹ ተራ ከተነሣ የሚቀጥለው ሰው ያለበት ቤት የሱ ነውና።

ኪኑኤ ከወጥ ቤት አንገቷን አወጣች።

«ለማን ነው ዛሬ?»

«ለኛ ቤት።»

እጇን በሽርጧ ጠረገችና የሾርባውን ድስት ከእሳቱ አወረደች።

«ታዲያ ተራው የኔም ነዋ» አለች። ሻርፗን ጠመጠመች፤ እንጨቶቹን ከተሰቀሉበት ቀድማ አነሣች። ለዮሺሃሩ መንሹ ቀረለት። ይዞት ተከተላት።